ሁለተኛው ሳቅ

ባለፈው ሰሞን ሁለት ተማሪዎች መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው የስልክ መጠገኛዬ መጡ። ስልክ ተበላሽቶባቸው መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። አንደኛው መዳፉን ከፍቶ ባዶ መሆኑን አሳየኝ።

«ስልክ ይዘን አይደለም የመጣነው። አጭር ኮሜዲ መጻፍ ፈልገን ነው። ከየት እንደሚጀመር እሱ ያውቃል አሉን።»

«ማን ነው ያላችሁ?»

«ሰው ሁሉ ነዋ! የባጃጇን ድራማ የጻፍከው አንተ አይደለህ?»

ፊቴ ሞቀ። ከተማችን ጭሮ ውስጥ ሰው ስሜን ከዚያች ባጃጅ ጋር ባነሳ ቁጥር ፊቴ ይሞቃል። ሰዎች ደስታ ይመስላቸዋል።

የማውቀውን ነገርኳቸው። ከትምህርት ቤት ያገኘሁት አይደለም፤ ስልክ እየፈታሁ የራዲዮ ድራማ ስሰማ «እዚህ ጋ ለምን ሳቅሁ?» እያልኩ የለቃቀምኩት ነው። ገጸ ባሕሪያችሁ አንድ ነገር አጥብቆ ይፈልግ አልኳቸው። የሚፈልገው ነገር ለእናንተ ትንሽ ቢሆንም ለእሱ ትንሽ አይሁን። እየቀለደ መሆኑን አይወቅ፤ ካወቀ ተበላሸ። የሚያስቀውን ቃል ከንግግሩ መጨረሻ አስቀምጡት፤ ከኋላው ሌላ ቃል ካስከተላችሁ ሰው ያንን ለመስማት ሲል ሳቁን ይውጠዋል። «አሮጌ ባጃጅ» ብላችሁ አትለፉ፤ መስታወቷ በፕላስተር መያያዙን፣ ወንበሯ በማዳበሪያ ከረጢት መሸፈኑን አሳዩ። ተዋናዩ ደግሞ ሳቅ ሲመጣ ይጠብቅ። ሳቁ ሊያልቅ ሲል ይቀጥል።

ልጆቹ አመስግነው ሄዱ። የመጨረሻውን ምክር ግን በግማሹ ነበር የሰጠኋቸው። ሳቅ ሲመጣ ጠብቁ አልኩ እንጂ የትኛውን ሳቅ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ያንን ለመንገር ስለ አባቴ ማውራት ነበረብኝ፤ አፈርኩ። ፊት ለፊት ያልወጣኝን እዚህ ልጻፈው።

እኛ ጋ አዳራሽ ውስጥ ሳቅ ሁለቴ ይመጣል። ከፊት የሚቀመጡት ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ መምህራን፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞችና የየቢሮው ሰዎች ናቸው። የከተማው ወጣቶችም ከእነሱ ኋላ አለን። መድረክ ላይ ቀልድ ሲነገር መጀመሪያ የሚስቀው ይህ ወገን ነው። ከዚያ ሹክሹክታ ይነሳል፤ ጫት ሲራገፍ ቅጠሉ የሚያሰማውን ድምፅ ይመስላል። አማርኛቸው ለገበያ እንጂ ለቀልድ የማይበቃ ሰዎች ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው «ማል ጄዴ?» ይላሉ፤ ምን አለ? ማለታቸው ነው። ጎናቸው ያለው ሰው በኦሮምኛ ይነግራቸዋል። ያን ጊዜ ሁለተኛው ሳቅ ከኋላ፣ ከግድግዳው በኩል ይመጣል።

ስጀምር ይህን እንደ ብልሽት ነበር የማየው። ሁለተኛው ሳቅ ሲደርስ ተዋናዮቹ ሌላ ንግግር ላይ ናቸው። ሳቁ ያንን ንግግር ይሸፍነዋል፤ የተሸፈነው ንግግር ደግሞ ለሚቀጥለው ቀልድ መሠረት ነው። እኔ ስልክ ገጥሜ ስጨርስ አንዲት ብሎን ከተረፈችኝ እንደገና የምፈታ ሰው ነኝ። የጻፍኩት ቃል ሳይሰማ ሲቀር ያመኛል። ስለዚህ ተዋናዮቹን «አትጠብቁ፣ ፈጠን ፈጠን በሉ» እላቸው ነበር።

ለምን በኦሮምኛ አትጽፍም የሚለኝ ሰው አለ። ትክክል ነው። ቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ እኔም የማልቅሰውም የማልመውም በእሱ ነው። ቀልድ የተማርኩት ግን ከአማርኛ ራዲዮ ነበር። እጄ በዚያ ለመደ። ይህን ስናገርም አፍራለሁ።

አባቴ ጫት ነጋዴ ነው። ትልቅ ነጋዴ አይደለም። ማለዳ ከገጠር የመጣውን ይገዛል፣ ይመርጣል፣ ያስራል፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ለመኪና ያደርሳል። ገበያ ላይ አማርኛው አያንሰውም፤ ይከራከርበታል፣ ይለማመጥበታል፣ ሲያስፈልግም ይምልበታል። ገበያተኛ ግን ካልገባህ ቆሞ ይደግምልሃል። ቀልድ ቆሞ አይደግምም።

የአባቴ ሳቅ እንደ አሮጌ ባጃጅ ነው፤ በመጀመሪያው ጉተታ አይነሳም። ሳል የመሰለ ነገር ይቀድማል። ሰው «ውኃ ስጡት» ሊል ሲል ይነሳና ቤቱን ይሞላዋል። ከዚያ ጭኑን በጥፊ ይመታል፣ «ያ ረቢ!» ይላል፣ ያበቃ ሲመስል እንደገና ይጀምራል። ልጅ ሳለሁ ያንን ሳቅ ለመስማት ብዬ ነበር ዕቃ የምጥለው፣ ድመት የምመስለው። ዝምተኛ ልጅ ነበርኩ፤ ከሰው ጋር ማውራት አልችልም፤ አባቴን ማሳቅ ግን እችል ነበር። ኮሜዲ የጀመርኩት ያኔ ነው ብል አልዋሽም።

የወጣቶች ክበባችንን የሚመራው ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ መምህር ነው። ሁላችንም «ቲቸር» እንለዋለን። ጎበዝ ነው፣ ምላሱ ግን ሰው አይምርም። የባጃጇን ድራማ ሰጠሁት፤ አነበበና «ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው? አንተ አፍ አለህ እንዴ?» አለኝ። በዚያው ሳምንት ልምምድ ጀመርን።

ድራማው አጭር ነው። አራት ወንበሮች ባጃጅ ይሆናሉ። ሾፌሩ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል፤ ሰው በገባ ቁጥር ያው አንድ ሰው ይቀረዋል። አዲስ ተመድቦ የመጣ የቢሮ ሠራተኛ፣ ጭኑ ላይ የማያውቀው ሰው ሕፃን፣ እግሩ ሥር የማያውቀው ሰው ዶሮ ይዞ ተጣቦ ይቀመጣል። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ትመጣለች። ቦታ የለም። ሾፌሩ ያስባል፣ ከራሱ ወንበር ይወርዳል፣ እሷን እዚያ ላይ ያስቀምጣታል፣ ሒሳብ ይሰበስባል፣ ባጃጇን መታ መታ አድርጎ እንደ ረዳት «በል ሳበው!» ይላል። ሁሉም ጸጥ። ሠራተኛው ፈራ ተባ እያለ «ይቅርታ፣ የሚነዳው ማን ነው?» ይላል። አሮጊቷ በክርኗ ትጎስመዋለች፦ «ዝም በል አንተ! ትርፍ ነው ብለው ያወርዱሃል!»

ጭሮ ላይ መጀመሪያ ያሳየነው ከሰዓት በኋላ ነበር። አባቴ ከኋላ፣ ልብስ ሰፊ ከሆኑት ጎረቤታችን አጠገብ ተቀመጠ። እሳቸው ሁለቱንም ቋንቋ አሳምረው ያውቃሉ፤ ችግራቸው ግን መጀመሪያ ራሳቸው ስቀው፣ ዐይናቸውን ጠርገው፣ ከዚያ ነው የሚተረጉሙት። በዚህ ምክንያት አባቴ ከሁለተኛው ሳቅም ኋላ ይቀራል።

አሮጊቷ «ያወርዱሃል!» ስትል አዳራሹ ከፊት በኩል በሳቅ ተናወጠ። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አዳምጥ ነበር። ከዚያ ሹክሹክታው መጣ። ከዚያ ሁለተኛው ሳቅ። ተዋናዮቹ እንዳዘዝኳቸው አልጠበቁም፤ ሠራተኛው ሊወርድ እየታገለ የድራማውን መዝጊያ ንግግር ጀመረ። አዳራሹ ሊሰማው ጸጥ ሲል ከኋላ ያ ሳል መጣ። አወቅሁት። ከዚያ ሳቁ ብቻውን ተነሳ፣ ጥፊው ጭኑ ላይ አረፈ፣ «ያ ረቢ!» አዳራሹን ሞላው። የሠራተኛው ንግግር ተዋጠ። ከፊት ያሉት ዞረው አዩ።

ሲያበቃ ወንበር ስንሰበስብ መምህሩ ደስ ብሎት ነበር።

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለ። «ያ ከኋላ የነበረው ሰውዬ ግን ማን ነው? ሳቁ የሚመጣው በጭነት አይሱዙ ነው እንዴ?»

ተዋናዮቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዱ «ቲቸር፣ ኬላ ላይ አስቁመውት ነው!» ብሎ ጨመረ።

እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም ጋር እኩል።

ያንን ቀልድ እስከ ዛሬ ስመረምረው ጉድለት አላገኘሁበትም። አጭር ነው፣ የሚያስቀው ቃል መጨረሻው ላይ ነው፣ አገሩን ያውቃል። ለጀማሪ ምሳሌ አድርጌ ልሰጠው የሚገባ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድራማውን ይዘን ጎረቤት ወረዳ መሰላ እንድንሄድ ተጋበዝን። አባቴ ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ። ጫት የሚሸጡለት ገበሬዎች ብዙዎቹ የመሰላ ሰዎች ናቸው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲከራከራቸው የኖረ ነው። ገና ቀኑ ሳይቆረጥ ገበያ ላይ ለያንዳንዳቸው ነግሯቸው መጣ። «የልጄ ድራማ ነው። አብሬያችሁ ተቀምጬ ነው የማየው» ብሏቸዋል። ልብስ ሰፊው ግን ሥራ ስላለባቸው አይሄዱም። አባቴ አስተርጓሚ የለውም ማለት ነው።

እኔ የፈራሁት የአባቴን ብቻውን መቀመጥ አልነበረም። ሳቁን ነው። መምህሩ ያ የአይሱዙ ሳቅ የአባቴ መሆኑን እንዳያውቅብኝ ፈራሁ።

አንድ ቀን ከዝሁር ሶላት በኋላ፣ ጫቱን ይዞ ፍራሹ ላይ ጋደም እንዳለ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ድራማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኦሮምኛ ነገርኩት። ቀልዱን እንደ ቀልድ አልነበረም የነገርኩት፤ ስልክ እንዴት እንደሚከፈት ለደንበኛ እንደማስረዳው ነበር።

«እዚህ ጋ ሾፌሩ ይወርዳል። ሰው ይስቃል። እዚህ ጋ አሮጊቷ በክርኗ ትመታዋለች፣ ዝም በል ትለዋለች። ያኔ ሰው በጣም ይስቃል።»

አባቴ አልሳቀም። ቅጠሉን በጣቶቹ ይዞ እንደ ቁርአን ተማሪ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደገመው። «ሾፌሩ ሲወርድ። አሮጊቷ ስትመታው።» ከዚያ ቀና አለ።

«ይሄን ለምንድን ነው አስቀድመህ የምትነግረኝ?»

«ከሰው ጋር እኩል እንድትስቅ ብዬ ነው፣ አባ።»

«እስከ ዛሬ እኩል አልስቅም ነበር?»

«ትንሽ ትዘገያለህ» አልኩ።

«ሰው ተናገረ?»

«ኧረ ማንም አልተናገረም።»

ቅጠሉን አየው፣ አፉ ውስጥ ከተተው፣ ለረጅም ጊዜ አኘከ። «በል እንደገና ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለ። «ሾፌሩ ከየት በኩል ነው የሚገባው?»

መሰላ ላይ ያሳየነው በትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። አባቴ አዲስ ሽርጥ አገልድሞ፣ ነጭ ኮፊያ አድርጎ፣ ትከሻው ላይ የታጠበች ፎጣ ጥሎ በመጀመሪያው ረድፍ መሐል ተቀመጠ። ገበሬዎቹ ግራና ቀኙን ያዙ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። እንደ ሙሽራ አባት ቀጥ ብሎ ነበር የተቀመጠው።

ሾፌሩ አራቱን ወንበሮች ደርድሮ ሲያበቃ እጁን አፉ ላይ አድርጎ «አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ጮኸ።

አባቴ ሳቀ።

ሳል እንኳ አልቀደመውም። ሳቁ ያለ አንዳች ጉተታ ተነሳ፤ ጭኑን መታ፣ «ያ ረቢ!» አለ። መድረኩ ላይ ገና ምንም አልሆነም። ባዶ ወንበርና አንድ የሚጣራ ልጅ ብቻ ነው ያለው። ሾፌር የሆነው ልጅ ደንግጦ ሱሪውን አየ፤ ዚፑ የተከፈተ መስሎት ነው።

አሁን ሳስበው አባቴ ስህተት አልሠራም። እኔ ሾፌሩን ስነግረው መጨረሻውን አብሬ ነግሬዋለሁ። እሱ ሾፌሩን ባየ ጊዜ ያየው መጨረሻውን ነው። ጥፋቱ የእኔ አነጋገር ነው፤ ቀልድን መጨረሻውን አስቀድሞ ማስረዳት ሳቁን ከቦታው መንቀል ነው።

ያ ብቻ ቢሆን ባለፈ። አጠገቡ ያሉት ገበሬዎች ዞሩበት። «ማል ጄዴ? ማል ጄዴ?»

በሕይወቱ ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው እሱ ነበር። ዛሬ ተጠየቀ። ፊቱ በራ። ወደ ግራ ዘንበል አለና ነገራቸው፤ ወደ ቀኝም ዘንበል አለና ነገራቸው። ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያውቅበትም፤ የገበያ ሰው ነው። «ቆዩ፣ ኋላ ሾፌሩ ይወርዳል! ባጃጇ ያለ ሾፌር ትቀራለች! አንዲት አሮጊት አለች፣ እሷ ደግሞ...» የመጀመሪያው ረድፍ ለሁለተኛው ነገረ። ሁለተኛው ለሦስተኛው። ጫት የሚራገፍ የመሰለው ሹክሹክታ ከፊት ወደ ኋላ ሲሄድ በጆሮዬ ተከተልኩት። የጻፍኩት ሁሉ ከእኔ ቀድሞ እየሄደ ነበር።

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ጭንቅላቴን አወጣሁ። አባቴ ገና እያወራ ነበር። ዐይን ለዐይን ተጋጠምን። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ።

ልጅ ለአባቱ እንዲህ አያደርግም። ያውም በደንበኞቹ መሐል። ገበሬዎቹ ጣቴን አዩ፣ ከዚያ እሱን አዩ፣ ከዚያ መሬት መሬት አዩ፤ አፍረውልኝ ይሁን አፍረውለት አላውቅም። አባቴ ንግግሩን ከመሐል ቆረጠው። ፎጣውን ከትከሻው አወረደና አፉን ሸፈነ። ድራማው እስኪያልቅ አላነሳውም።

ሾፌሩ ሲወርድ የሳቀ ሰው ጥቂት ነው። አሮጊቷ «ያወርዱሃል!» ስትል ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ የሰማውን ዜና የሚያረጋግጥ ይመስል ነበር።

ስንመለስ አባቴ በተሳፈርንበት የሕዝብ ሚኒባስ ውስጥ ከፊት፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠ። እኔ ከመጨረሻው ወንበር ነበርኩ። መምህሩ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ያ ሰውዬ መሰላም ድረስ ተከተለን እኮ! ዛሬ ደግሞ ሳቁ ቀድሞን ገባ» አለ። አባቴ ነው እንዳልል አፌን የዘጋው ሰው አልነበረም፤ እኔው ነኝ የዘጋሁት።

ጭሮ ልንደርስ ስንል አባቴ ከፊት ዞረ። በኦሮምኛ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «ልጄ፣ አበላሸሁብህ?» አለኝ።

መምህሩ ኦሮምኛ ብዙ አይችልም፤ «ልጄ» የሚለው ቃል ግን አይጠፋውም። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«አባትህ ናቸው እንዴ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ያኔ ስቀልድ ለምን አልነገርከኝም?»

አባቴ መልሴን ትንሽ ጠብቆ ወደ መንገዱ ዞረ።

ከዚያ በኋላ አዲስ ድራማ ጻፍኩ። አባቴ አንድም ቃል እንዳይሰማ ተጠነቀቅሁ። ስለ ስልክ ጠጋኝ ነው። አንድ ሰው ስልኬ አልጮህ አለኝ ብሎ ከሚስቱ ጋር ይመጣል። ጠጋኙ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ራሱ ደውሎ ያጮኸዋል፤ ስልኩ ምንም አልሆነም። ሰውዬው ይሞግታል፤ ይኸው ስንት ጊዜዬ፣ አንድም ሰው አልደወለልኝም ይላል። ጠጋኙ ጨንቆት ስልኩን ሲመልስ ሚስትየዋ «በቃ ስልኩ ደህና ከሆነ ዘመዶቹን ጠግንለት» ትላለች።

ከዚያች ንግግር ሥር «እዚህ ጋ ጠብቁ፤ ሁለተኛው ሳቅ መጥቶ እስኪያልቅ ማንም አይናገር» ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ ልምምድ ላይ አነበበው። ከመሰላ ወዲህ ከእኔ ጋር ሲነጋገር ይጠነቀቃል።

«ያ ሁሉ ዝምታ አያስፈራም?»

«ያስፈራል፣ ቲቸር። ግን ይጠብቁ።»

ተዋናዮቹ የሚሠሩት አንድ ነገር ሰጠኋቸው። ጠጋኙ ስልኩን እያገላበጠ ዘመዶቹ የት ጋ እንደሚፈቱ ይፈልጋል። ንግግር የለም፤ የሚዋጥም ነገር የለም። ለጀማሪ ልሰጠው የሚገባኝ ምክር ይህ ነበር፦ አዳራሹ ውስጥ ዘግይቶ የሚደርስ ሰው እንዳለ እያወቃችሁ ጻፉ፤ እስኪደርስም ለመድረኩ ሥራ ስጡት።

ጭሮ ላይ ስናሳየው ሠራ። ሚስትየዋ ተናገረች፣ የፊቱ ወገን ሳቀ፣ ጠጋኙ ስልኩን ማገላበጥ ጀመረ፣ ሹክሹክታው መጣ፣ ሁለተኛው ሳቅ ከግድግዳው በኩል ተነሳ። ከፊት ያሉት የኋላውን ሲሰሙ እንደ አዲስ ሳቁ። ማንም ምንም አላጣም። ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ጆሮዬን ቀሰርኩ። የአባቴን ሳል ነበር የምጠብቀው።

አልመጣም።

በቀዳዳው አየሁ። አባቴ ልብስ ሰፊው ጎን ተቀምጧል። እሳቸው እየሳቁ ሊተረጉሙለት ጎንበስ ሲሉ በእጁ «ይቆይ፣ ይቆይ» አላቸው። ዐይኑ የፊት ወንበሮቹ ላይ ነበር። መምህራኑ ሳቁ፤ አባቴ ሳቀ። መምህራኑ አቆሙ፤ አባቴ አቆመ። ጭኑን አልመታም፣ ረቢን አልጠራም። ጥርሱን አሳይቶ በልክ፣ በሰዓቱ ሳቀ። እኔ ለእሱ ብዬ የጻፍኩት ዝምታ ሲመጣ ሳቁን ጨርሶ እጁን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ተቀምጧል።

ልብስ ሰፊው መውጫው ላይ አገኙኝ። «ማሻአላህ! አባትህ ከእንግዲህ አስተርጓሚ አይፈልግም» አሉኝ። «ከእኔ እኩል ነው የሳቀው።»

ለመግሪብ ሶላት ጥቂት ሲቀር ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ሄድን። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም።

«ዛሬ ደህና ሳቅሁ አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ አባ።»

«አልዘገየሁም?»

«አልዘገየህም።»

ደስ አለው። ትንሽ ተራመደና «ግን» አለ፣ ገበያ ላይ ዋጋ እንደሚጠይቅ ድምፁን አቅልሎ፣ «ሴትዮዋ ምን ብላ ነው ያ ሁሉ ሰው የሳቀው?»

በኦሮምኛ ነገርኩት። እንደ ማስረዳት አይደለም፤ ሰውዬውን ሆንኩለት፣ ጠጋኙን ሆንኩለት፣ ሚስትየዋን ሆንኩለት። መንገድ መሐል ቆሜ «ዘመዶቹን ጠግንለት» አልኩት። አባቴ አየኝ። መራመድ ጀመረ፤ እኔም ተከተልኩት። የጎረቤታችንን አጥር አልፈን ልንታጠፍ ስንል ያ ሳል መጣ።

ቆምኩ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ከዚያ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ አፉን ሸፈነ።

«ማንም የለም፣ አባ» አልኩት።

ዐይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር፣ ከሳቁ ብዛት። ፎጣውን ግን አላነሳም።